ተራ የማይጠብቀው ተኩላ

ቶኪዮሺ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጫወተው ጠላት ተራ የሚጠብቅባቸውን የቪዲዮ ጌሞች ብቻ ነው። ልምታ ወይስ መድኃኒት ልጠጣ እያለ ሻዩን ፉት ሲል፣ እሱ እስኪወስን ድረስ ዘንዶው ንቅንቅ አይልም። የኒጋታ ከተማ በረዶ ጋብ ባለበት እሑድ ልጁ ሚሆ አዲስ ጌም ይዛለት መጣች።

ገና ሲጀምር ተኩላ ነከሰው። እንደ ልማዱ ቦርሳውን ከፍቶ መድኃኒት ሲያማርጥ ተኩላው ዘነጣጠለው።

«ቆይ እንጂ፣ አንተ ባለጌ! እያሰብኩ እኮ ነው!»

ሚሆ በሳቅ ፈረሰች። «አባዬ፣ እዚህ ተራ ብሎ ነገር የለም። አንተ ስታስብ እሱ ይበላሃል።»

አምስት ጊዜ ሞተ፤ አምስቱንም ጊዜ ቦርሳው ሙሉ መድኃኒት ነበር።

«ትንሽ ቢታገሠኝ ምን አለበት?» አለ ተናዶ።

ሚሆ ሳቋን ዋጠችው። ለመታሰቢያ ሩዝ ወደ ቀረበለት የሟች እናቷ ፎቶ ዞር አለች።

«ሐኪሙ ቶሎ ኦፕራሲዮን ትሁን ሲል 'ላስብበት' አልክ። እማዬም 'አባትሽ ያለው ይሁን' ብላ ስንት ወር ጠበቀችህ?»

ቶኪዮሺ ዓይኑን ወደ ጌሙ መለሰ። ስክሪኑ ላይ «እንደገና ይሞክራሉ?» የሚል ጥያቄ ወጥቶ ነበር። ጥያቄው ብቻ ሳይሰለች ጠበቀው።