በአርባ ወይስ በሰማንያ

ልጄን የወለድኩ ዕለት አማቴ እማማ አስካለማርያም ሰባት ጊዜ እልል አሉ። ሰባት እልልታ ለወንድ ነው፤ ለሴት ሦስት ነው። አዋላጇ «ቆዩ እንጂ እማማ፣ ገና አልጨረስኩም» እያለች እጃቸውን ብትይዝ ገፍተዋት ወጡ። መንደራችን ጎረቤላ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም።

አዋላጇ በኋላ ብቻዬን ስሆን ነገረችኝ። የልጄ አፈጣጠር በዓይን ታይቶ ወንድ ወይም ሴት የሚባል አይደለም። ጋሻው፣ ባለቤቴ፣ አጨዳ ላይ ስለነበር ደብረ ብርሃን ድረስ እህቴ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ደም ወስዶ ወደ አዲስ አበባ ላከ። ውጤቱ ሁለት ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ ምንም አትወስኑ አለ። የሰጠኝ ወረቀት በእንግሊዝኛ ስለነበር ነርሷ ከሥሩ በአማርኛ ጻፈችልኝ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት።

ጋሻው ማንበብ አይችልም። እናቱ ወረቀቱን «ለሚያውቅ ሰው ላስነብበው» ብለው ወሰዱና መለሱት። «ወንድ ነው ይላል። ትንሽ ሕመም ብቻ አለበት» አሉት። እኔ እንደዚያ አይልም ስለው «አንቺ ገና ሀሁ ላይ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የልጄን ጨርቅ ስቀይር በር እዘጋለሁ። አራስ ልትጠይቅ የመጣች ሁሉ ዓይኗ ከጨርቁ አይነሳም። ወገኔ የምትባል ጎረቤቴ «ምን ትደብቂያለሽ? ወርቅ ወለድሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሳረግዝ ምን በላሁ፣ ማንን አስቀየምኩ እያልኩ ዘጠኙን ወር ስፈትሽ እውል ነበር።

አርባኛው ቀን ቀረበ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። እማማ አስካለማርያም ጠላ ጠምቀው የክርስትና አባት ጠርተው ጨርሰዋል።

«እማማ፣ እባክዎ ሰማንያውን እንጠብቅ» አልኳቸው።

«የሴት ቀን? ሰባት ጊዜ እልል ብዬ ልዋረድልሽ?»

«ውጤቱ አልመጣም እኮ።»

«ውጤት! እግዜር ፈተና የሚፈተን ተማሪ መሰለሽ? ትምህርት ቤት ገባሁ ብለሽ እኔን ልታስተምሪኝ!»

በአርባኛው ቀን ማለዳ ፊቴን ልታጠብ ጓሮ ስወጣ አማቴ ልጄን ከመደቡ አንስተው ሄዱ። ወረቀቱን ከሳጥን አውጥቼ ሮጥኩ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። የወንድ እናት በአርባ ቀኗ ትገባለች፤ የሴት እናት እስከ ሰማንያ ትቆያለች። ከገባሁ ወንድ ነው ብዬ ማመኔ ነው። ካልገባሁ ልጄን ያለ እኔ ያጠምቃሉ። የልጄ ለቅሶ ከውስጥ ይሰማኛል።

ያለኝ ድምፄ ብቻ ነበር። እሱንም ካወጣሁ ምስጢሩ ያበቃል።

«አባ ገብረአማኑኤል!» ብዬ ጮህኩ። «አባ፣ እንዳያጠምቁ! ወንድ ይሁን ሴት ገና አልታወቀም!»

ቅጥሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞረ።

«ምን አለች?»

«ምን ወልዳ ኖሯል እቴ?»

«ዘወር በሉ፣ ልጆቻችሁን ያዙ!»

እማማ አስካለማርያም ልጄን እንደታቀፉ ወጡ። «አብዳለች! የአራስነት በሽታ ነው፣ አትስሟት!»

አባ ገብረአማኑኤል መስቀላቸውን ይዘው ከኋላቸው መጡ። «ምን ይዘሻል ልጄ?»

አነበብኩላቸው። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ፣ ደገምኩት። «የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ድረስ ጾታው አይወሰንም።» ከሥሩ አንድ መስመር ሲቀረኝ እጃቸውን ዘረጉ።

ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አዩት። ከዚያ ወደ አማቴ ዞሩ። «ይህን ያውቁ ነበር?»

አማቴ ልጄን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«ለእናቱ ይስጧት። ውጤቱን ይዘሽ ነይ። እስከዚያ ቢታመም ግን ቀን አይጠበቅም፤ በየትኛውም ሰዓት ጥሪኝ።»

እማማ አስካለማርያም ልጄን እጄ ላይ ወረወሩት ማለት ይቀላል። «ይኸው፣ ያንቺውን ጉድ ያዢ! ቤቴ ዝር እንዳትዪ!» አሉኝ። ስመለስ ሴቶቹ ነጠላቸው እንዳይነካኝ እየሰበሰቡ አሳለፉኝ።

ለድግሱ ቤት ቀርቶ የነበረው ጋሻው ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ወሬው ቀድሞኛል። «በአገር ፊት አዋረድሽን» አለ። ቀጥሎ ግን ወረቀቱን አየ። «እናቴ ያለችው የለበትም?»

«የለበትም።»

«እስቲ ሁሉንም አንብቢው።»

አነበብኩለት። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የቀረችኝንም መስመር አነበብኩ። «ይህ የእናትም የአባትም ጥፋት አይደለም።»

«ድገሚው» አለ። ደገምኩት። «ሂጂና ለእናቴ አንብቢላት።»

«እኔን ቤቴ ዝር አትበዪ ብለውኛል። አንተ ሂድ።»

«ማንበብ አልችልም እኮ።»

«በቃልህ ያዘው።»

ደጃፉ ላይ አቁሜ ሦስት ጊዜ አስባልኩት። ሁለት ጊዜ «የአባትም» የሚለውን ዘለለው፤ መለስኩት። ከዚያ ወደ እናቱ ቤት ተሻገረ። «ውጣልኝ!» ብለው ሲጮሁበት እስከ እኔ ይሰማል። እሱ ግን ከበሩ ውጭ ቆሞ መስመሩን አንድም ቃል ሳይዘል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው።