ስዌሊም ከግድግዳው ጋር የተጣላ ዕለት

ወንድሜን ስዌሊምን ፖሊሶች ከቤርሳቤህ መናኸሪያ ይዘው የአእምሮ ሆስፒታል ያስገቡት ከአየር ጋር ሲጣላ አገኘነው ብለው ነው። ከአየር ጋር አልነበረም፤ ከአጎታችን ከጁምዓ ጋር ነበር። ማታ ሽማግሌዎቻችን የጁምዓን ልጅ ረስሚያን ሊጠይቁለት ይሄዳሉ፤ እሱም የሚናገረውን እየተለማመደ ነበር። በእኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ማግባት ወግ ነው። ስዌሊም ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። መንደራችን ውስጥ የማይሰማው ስለበዛ የሚሰማውም በእጁ ያወራል፤ እኔ ራሴ አፌን የፈታሁት በእጄ ነው።

ጁምዓ ደግሞ ለእብድ ልጁን አይሰጥም። ሆስፒታሉ አንዴ "ታሟል" ካለ ረስሚያን እርሷት ማለት ነው።

ሆስፒታሉ ስደርስ ሐኪሙ ዶክተር ኔታ ከአስተርጓሚው ጋር ቆማለች። አስተርጓሚው የከተማውን የምልክት ቋንቋ የተማረ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎረምሳ ነው።

"ንግግሩ የተበታተነ ነው፤ አይያያዝም" አለ።

"ላንተ ነው ያልተያያዘልህ። የመንደራችንን የእጅ ንግግር መች ታውቅና! ቻይናዊ ሲያወራ ብትሰማ አብዷል ልትል ነው?"

ዶክተሯ ሳቋን ዋጥ አደረገች። "እሺ እህቴ፣ ግድግዳውንስ ምን ትይዋለሽ? አንድ ጥግ ላይ ያፈጣል፣ ይጠቁማል፣ ይቆጣል፣ መልስ ይጠብቃል። እዚያ የሚያየው ሰው አለ።"

"አለ እንጂ! የጁምዓ ቤት በዚያ በኩል ነው።"

እኛ ስለሌለ ሰው ስናወራ ጣታችን የሚሄደው ወደ ቤቱ ነው። ተራራ ቢጋርደው፣ ክፍሉ መስኮት ባይኖረው ግድ የለንም። ከዚያ ሰውየውን ሆነን እንናገራለን።

ዶክተር ኔታ ግን በዋዛ የምትረታ አልነበረችም፤ ለዚያም ወደድኳት። "የማይሰማ ሰው አያብድም ልትዪኝ ነው?"

"ለምን አያብድም? እንደሱ የማትሰማ አክስታችን ሰብሓ አለችልዎት አይደል! እሷ የምታወራቸው ሰዎች ቤት የላቸውም። አንዴ ወደ ሰማይ ትጠቁማለች፣ አንዴ ወደ ጫማዋ። ማን ነው ስንላት፣ 'እጆች ናቸው፣ ይሰድቡኛል' ትላለች። ያኔ መድኃኒቷን እንደተወች እናውቃለን።"

ዶክተሯ ልትፈትነው ፈለገች። አቅጣጫ እንዲጠፋበት ስዌሊምን በኮሪደሮቹ አዟዙራ መስኮት የሌለው የዕቃ ክፍል አስገባችው።

"ስለ አጎቱ ጠይቂው።"

ጠየቅኩት። ጣቱን ወደ አንሶላው መደርደሪያ ቀሰረ። ዶክተሯ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ አየች፤ ቀጥ ብሎ ወደ መንደራችን ነው።

"አጎትህ አሁን እዚህ አለ ወይ በይልኝ።"

ስዌሊም ከላይ እስከ ታች አያት። "ይቺ ሴትዮ ደህና ናት?" አለኝ በእጁ። "እሱ ቢኖር እንደዚያ አፍጥጬ እናገረው ነበር?"

ተረጎምኩላት። ዶክተር ኔታ በሳቅ መደርደሪያው ላይ ተደገፈች። "ይዘሽው ሂጂ። በሽታ የለበትም፤ አጎት ነው ያለበት።"

ወሬው ግን ቀድሞን ኖሯል። ማታ በጁምዓ የእንግዳ ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎቹ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ አጎቴ ሁሉ እያየው ስዌሊምን በእጁ ጠየቀው፦ "ሆስፒታል ነበርክ አሉ። ምን ስታደርግ ነው የያዙህ?"

የወንድሜ ፊት ደም መሰለ። "አንተን ስሆን" አለ።

"እስቲ ሁነኝ።"

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ስዌሊም ተነሣ። ሆዱን ነፋ፣ ጢሙን ጠመዘዘ፣ ሴት ልጁን በግመል ዋጋ ሳይሆን በንጉሥ ዋጋ እንደሚሰጥ ሰው አገጩን ሰቀለ። ድንኳኑን በከፈለው መጋረጃ ማዶ አሾልቀው የሚያዩት ሴቶች ሳቅ ፈነዳ፤ የረስሚያ ከሁሉም ይጮኻል።

ጁምዓ ተነሣ። የሚመታው መስሎኝ ነበር።

"አገጩ ዝቅ ብሏል" አለው፣ በሁለት ጣቱም ቀና አደረገለት። "ልጄን የሚያገባ ሰው እኔን በደንብ ይሁን። በሉ፣ ፋቲሃ አንብቡና እጮኝነቱን እሰሩት።"