ቁሞ ያልተነሳው ቢሆነኝ

«እግሩ ብቻ ነው እንዴ ያለው?» አሉ የቢሆነኝ እናት እትዬ አሰበች።

እፀገነት ቶሎ ብላ ስልኳ ላይ የሚቀጥለውን ፎቶ አመጣች። እዚያም ቢሆነኝ አየር ላይ ነው፤ ጉልበቱ ደረቱ ላይ፣ ፊቱ ብዥ ያለ። ቀጥሎ ያለው ደሞ ጀርባው።

ነገ ሠልስቱ ነው። እናት ደረቷን እየመታች «ልጄን እዩልኝ» ብላ ከፍ አድርጋ የምታሳየው ፎቶ ግን የለም። ያለው ጎረቤቱ እፀገነት ስልክ ላይ ነው፤ ሲዘል የምታነሳው እሷ ነበረቻ።

«አንድ እንኳ ቁሞ የለም?»

«እምቢ ይለኛል እኮ እትዬ። ‹ቁሞ መነሳት ለመታወቂያ ነው› ይለኛል።»

ዝላዩን ፓርኩር ነው የሚሉት። ከስልክ አይቶ ለመደውና መተማ ዮሐንስ ላይ ያልዘለለው አጥር አልቀረም። ጉምሩክ ጋ ወረፋ የሚጠብቁት ተሳቢዎች ላይ ካንዱ ወዳንዱ ሲወረወር ሾፌሮቹ ዱላ ይዘው ይከተሉታል፤ እሱ እቴ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ «አነሳሽኝ?» ነው የሚላት።

ከሣር ክዳኑ ራኩባ ጥላ ስር ለቅሶ ደራሾቹ ያንሾካሹካሉ።

«ከጣራ ወድቆ ነው አሉ።»

«ድሮስ፣ ያ ዝላይ መች ሊተወው።»

እፀገነት «ወባ ነው» ልትላቸው ዞረችና መልሳ ወደ ስልኳ አቀረቀረች። ያ ሁሉ ዝላይ ሳይነካው፣ አልጋ ላይ ተኝቶ ሞተ።

አመሻሹ ላይ ፎቶ ቤት ያለው አንዱአምላክ ፍሬም ይዞ መጣ። እፀገነት ከላከችለት ፎቶ ፊቱን ቆርጦ፣ ለሟች ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ኮትና ክራባት አልብሶታል። ከክራባቱ በላይ ግን አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ሊዘል የሚንደረደር ልጅ ነው።

«ማነው ይሄ?» አሉ እናቱ።

«ልጅዎት ነው እትዬ። ኮቱን እኔ ነኝ የጨመርሁለት።»

«የኔ ልጅ ኮት የት ያውቃል።» ፍሬሙን ፍራሹ ላይ በፊቱ ደፉት። «እስቲ ያንችን አምጭ።»

ፊቱ ጥርት ብሎ የሚታይበት የቀረው አንድ ፎቶ ነው፤ ከሰሊጥ መጋዘኑ ግንብ ተገልብጦ ሲወርድ፣ ራሱ ወደ ታች፣ ጥርሱ በሳቅ ተገልጦ። እፀገነት እንዲቃናላቸው ስልኩን አዞረችው፤ ፎቶውም አብሮ ዞሮ ተመልሶ ተዘቀዘቀ። ደግማ አዞረችው። አሁንም ተዘቀዘቀ።

«እምቢ አለኝ፣ እትዬ» አለች።

«ተይው፣ አትነካኪው።»

እትዬ አሰበች የተላጨ ራሳቸውን አዘነበሉ። ዝቅ፣ ዝቅ አሉ፤ ነጠላቸው ተንሸራቶ መሬት ወደቀ፣ ፊታቸው እንደ ልጃቸው ተዘቅዝቆ ከፊቱ ጋር እስኪገጥም።