በራሳቸው ፈቃድ የለቀቁ

እና እንደገና ትደውላለች፣ እንቁ፣ ሚስቴ፣ ስሟ መኪናው ስክሪን ላይ ብልጭ ይላል፣ አላነሳም፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መብራቱ ቀይ ነው፣ በተራሮቹ በኩል ደመናው እንደ ግድግዳ ቆሟል፣ ከኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ አታነሳውም እንዴ ትለኛለች፣ ቆይቶ እላታለሁ፣ ቆይቶ። ይጠብቁ። እኔ ስንት ጠብቄያለሁ።

ቤቴ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አቶ ሀብተጊዮርጊስ። እንቁ ቅድም ነግራኛለች፣ የድሮው ምክትሌ በድሉ በር ላይ አውርዷቸው ሄደ፣ እሱ ለማታው የቡድኑ በዓል አዳራሽ ያስጌጣል፣ እሳቸው ገቡ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ምሳ ቀረበላቸው፣ አውኣሎም ማታ ለመገኘት እሺ ሳይል እህል አልቀምስም አሉ፣ እኔን ነው። ስኳር አለባቸው። የስኳር መርፌያቸውን በድሉ መኪና ውስጥ ተወግተው ነው የገቡት፣ ከተወጉ በኋላ ካልበሉ ይወድቃሉ፣ ቤቴ እንግዳ ሳይበላ እንደማይወጣ ያውቃሉ፣ እኔም ቶሎ እሺ እንደምል ያውቃሉ። ባለፈው እሺ ብዬ የለ።

አረንጓዴ። እነዳለሁ። ቀስ ብዬ።

ሴትዮዋን ከፓርክ ሂል ነው ፒክአፕ ያደረግኳት፣ ልጇ ቤት ነው ያረፈችው፣ ከኪቤክ ድረስ ለዛሬ ጨዋታ ብላ የመጣች ካናዳዊት፣ ካፖርቷ ተከፍቶ ሰማያዊ ማሊያ ይታያል፣ የዴንቨር ደጋፊ ነሽ አልኳት ስትገባ፣ ለወግ ያህል፣ እንትፍ ልትል ምንም አልቀራት። ይሄ የኛ ነው አለች። የበረዶ ሆኪ ቡድኑ የኛ ነበር፣ የኪቤክ፣ ሸጡት፣ እዚህ አመጡት፣ ስሙን ቀየሩት፣ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ በላ፣ ያውም በኛ ልጆች፣ ይህን ታውቃለህ አንተ? የተማርኩት ታሪክ ነው አልኳት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አሃ ለዚህ ነዋ መኪና የምትነዳው አለችኝ፣ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ አፏ ሚጥሚጣ ነው።

ዛሬ ያንን የድሮ የኪቤክ ማሊያ ለብሰው ይገባሉ አለች። ለመታሰቢያ ነው ይላሉ። ትልልቆቹ ተጫዋቾቻችን ጫማ ሲሰቅሉ ቁጥራቸውን ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ብለን አክብረን አስቀምጠንላቸው ነበር፣ እነዚህ እዚህ እንደደረሱ አውርደው ለመጣው ሁሉ አደሉት፣ አሁን ማሊያው አማራቸው፣ ጥላህ የሄደች ሚስትህ አንተ የገዛህላትን ቬሎ ለብሳ ከሌላ ወንድ ጋር ስትጨፍር አስበው አለች። አሰብኩት። እሷ ከምታስበው በላይ አሰብኩት።

ጮራ፣ የእግር ኳስ ቡድኔ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደረቱ ላይ ያለችውን ከተራራ ጀርባ የምትወጣ ግማሽ ፀሐይ የሳልኩት እኔ ነኝ፣ የታክሲ ሹፌሩንና የፓርኪንግ ሠራተኛውን ከየሥራው ለቃቅሜ ኦሮራ ሜዳ ላይ ያሰለፍኩት እኔ ነኝ፣ ግማሹ የአስመራ ልጅ፣ ግማሹ የአዲስ አበባ፣ የደሴ፣ የጎንደር፣ ከየት ነህ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም፣ የሚጠየቀው በግራ እግርህ ትመታለህ ወይ ነበር። ከዚያ ባድመ። እዚያ ወጣት እንደ ቅጠል ይረግፋል፣ እዚህ ልምምድ ላይ አንዱ ከኋላዬ ሻዕቢያ አሠልጣኝ አለ፣ ሳቁ፣ ዞር ስል በድሉ አልሳቀም፣ መሬት መሬት ያያል። ምክትሌ። ከአንድ ሳህን የበላን። በሳምንቱ ሽማግሌ ላከብኝ።

ሦስት ነበሩ፣ ሁለቱ ሞተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ አይማርም፣ ምን አገባኝ። የተናገሩት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው። ልጄ፣ ለሰላም ብለህ ለጊዜው ዞር በል፣ ነገሩ ሲበርድ እኛው ራሳችን እንመልስሃለን። ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ እጃቸውን አይዘረጉም፣ እሺ ካላልከን አንቆርስም። ሽማግሌ ጾሙን ከቤቴ ሊወጣ? እንዲህ አላሳደጉኝም። እሺ አልኩ። በሉ። መረቁኝ። በማግስቱ በድሉ አሠልጣኝ ሆነ፣ ወር ሳይሞላ ስሙን ቀየሩት፣ ፀሐይዋን አወለቋት፣ ነገሩ በረደ፣ ጦርነቱም አለቀ፣ የመለሰኝ የለም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በድሉን ይዤ ስጠይቀው፣ ሰው እየሰማ፣ ጋሼ አንተው ራስህ እሺ ብለህ አይደል እንዴ አለኝ። ጋሼ። ያችን ጋሼ አልረሳትም።

አሁን ፀሐይዋን መልሰው አሳትመዋታል። ማታ ለብሰዋት ይቆማሉ። የበዓሉ በራሪ ወረቀት ላይ የወጣትነት ፎቶዬ አለ፣ ከሥሩ፣ የቡድናችን መሥራች፣ በራሳቸው ፈቃድ የለቀቁ። መድረክ ላይ ወጥቼ ማሊያዋን ለብሼ እንዳጨበጭብ ይፈልጋሉ። ካጨበጨብኩ እውነት ሆነ። ታሪክ የተማረ ሰው ይህቺ አትጠፋውም።

ደወለች። አነሳሁ፣ ድምጿ በመኪናው ስፒከር ይወጣል።

የት ነህ አንተ? ሥራ ላይ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል፣ ጭማቂ ብሰጣቸው አልጠጣም አሉ፣ አምቡላንስ ልጥራ ብላቸው ሽማግሌ ተልኮ በአምቡላንስ አይመለስም አሉኝ፣ ኧረ አውኣሎም በማርያም፣ አንድ ቃል ነው፣ ሰው ቤታችን ሊሞት ነው! አገናኚኝ።

ልጄ። እንደምን ዋሉ አባባ። እንደምትሰማኝ። ይብሉ እንጂ። አንተ እሺ በላ። ያኔ እንመልስሃለን ብለውኝ ነበር፣ ትዝ ይልዎታል? ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ አጭር፣ እንደ ሮጠ ልጅ። ጆሮዬ ይጮሃል ልጄ፣ ምን አልክ፣ ማን ልበል? ማን ልበል ይሉኛል። ስሜ ጠፋባቸው፣ ወይስ ስኳሩ ነው የሚያናግራቸው፣ መኪናው ይንሸራተታል፣ መስታወቱ ላይ የመጀመሪያው በረዶ ያርፋል፣ ዝምታዬ ይጣፍጠኛል፣ እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር፣ ሦስት ፊደል እንኳ አይሞላም የሚፈልጉት ቃል፣ አፌ ውስጥ ይዤዋለሁ፣ እንደ ከረሜላ። ይቅለጥ።

ደረስን ትላለች ሴትዮዋ። ስታዲየሙ ፊት ለፊት። ሰው የታመመ መሰለኝ ትላለች፣ ድምፁ አስፈራኝ። እንግዳ ነው፣ አልበላም ብሎ። ታዲያ አብላዋ! አሁን ገብተሽ ምን ልታደርጊ ነው አልኳት። ጎል ሲያገቡ አልነሳም አለች። ሁሉም ሲቆም እኔ ቁጭ እላለሁ፣ ያዩኛል። በቃ? ለዚህ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣሽው? ለዚህ ነው አለች፣ ኮስተር ብላ፣ በሩን ዘጋችው።

ትሄዳለች። መንገዱ በሰማያዊ ማሊያ ተሞልቷል፣ የዴንቨር ሰው ሁሉ ያንኑ የኪቤክ ማሊያ ገዝቶ ለብሷል፣ ሕፃን ሳይቀር፣ በዓይኔ እከተላታለሁ፣ አንዴ ዘወር ስል ጠፋች፣ የትኛዋ ናት፣ ያቺ፣ ያቺኛዋ፣ ከኋላ ሲያዩአት ከነሱ አትለይም። ብትቀመጥ ማን ያያታል። እግሯን አሟት ነው ይላሉ።

መቀመጥ ዋጋ የለውም።

እሺ ብሏል!

እንቁ ናት። ስልኩን አልዘጋሁትም። እሺ ብሏል አባባ፣ አሁን በጆሮዬ አለኝ፣ ይጠጡ፣ ይጠጡ በሞቴ። አላልኩም። አፌን አልከፈትኩም። ብርጭቆ ጥርስ ሲነካ ይሰማል፣ ጉሮሮ ሲውጥ፣ እንደገና ሲውጥ፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፣ ተባረክ ልጄ፣ ስምህ ከፍ ይበል፣ አውኣሎም፣ አሁን ስሜን አወቁት። እንቁ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ ምን ላድርግ ትለኛለች በሹክሹክታ፣ ምን ላድርግ፣ ፊታቸው ነጭ ሆነብኝ እኮ። ያኔ በአፌ ወሰዱት፣ አሁን አፌንም አላስፈለጋቸው። ሽማግሌ የቀመሰበት እሺ አይመለስም። ተበልቷል።

መኪናውን አዞራለሁ። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኦሮራ፣ በረዶው ከኋላዬ ይመጣል፣ የምስራች፣ እሄዳለሁ። ሸሚዜን ቀይሬ እሄዳለሁ። ፀሐይዋን ያለብሱኛል፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጠግበው የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ያኔ የሳቁት ሁሉ ሆድ አውጥተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው፣ ስልካቸውን ቀስረው ይቀርጹኛል፣ በድሉ ያቅፈኛል፣ ይታቀፍ፣ ጋሼ አንድ ሁለት ቃል ይለኛል፣ እንደ ደንቡ፣ ማይኩንም በገዛ እጁ ይሰጠኛል። እዚያ አፌ የኔ ነው።