የአናጢው ሳል

ጓደኞቹ «ጆሮው» ይሉታል። የድምፅ ጥናት ትምህርት ክፍል የገባው ወዶ ነው። አናጢው አባቱ ምርጫውን ሲሰማ በሳቅ ፍርስ አለ፤ «ወሬ መስማት ለመማር ዩኒቨርሲቲ? እናትህ በነፃ ታስተምርህ አልነበር!»

አንደኛ ዓመት ላይ የሰው ንግግር ቀድታችሁ፣ አጽድታችሁ አምጡ ተባሉ። አባቱን የወንበር እግር እንዴት እንደሚገጠም እያስወራ ቀዳው። አናጢው ሁለት ቃል ተናግሮ አንዴ ያስላል፤ የዕድሜ ልኩ የመጋዝ ብናኝ ደረቱ ውስጥ ነበር። መምህሩ «ሳል ቋንቋ አይደለም፤ ጥረገው» አሉ። ልጁም ሳሉንም ትንፋሹንም እየቆረጠ ጣለ። በላቦራቶሪው ልማድ፣ ቦታ እንዳያጣብብ፣ የጸዳው ቅጂ በዋናው ላይ ይጫናል፤ ዋናው ይጠፋል። ጫነው። ከክፍሉ አንደኛ ወጣ።

አባቱ አረፈ። ሐዘኑ በረድ ሲል እናቱ፣ «እስቲ ያን የቀዳኸውን ድምፁን አሰማኝ» አለችው። ስልኩን ከፈተላት። ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄ ማነው?»

«እማዬ፣ አባዬ ነዋ!»

«ቃሉስ የሱ ነው። ሰውየው የታለ? ሳይተነፍስ የሚያወራ ሬሳ ነው እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ አልዋጥ አለው። ክፍል ውስጥ ቅጂ በተከፈተ ቁጥር የሚሰማው በቃላቱ መሀል የቀረው ባዶ ብቻ ሆነ። ቤትም እናቱ ስታወራው፣ ያለችውን ትቶ የት ላይ እንደሚቆርጣት ሲያሰላ ራሱን ያገኘዋል።

ዝናቡ ሲገባ ጉንፋን ያዘው። አንድ ቀን እያሳለ በሩን ሲከፍት እናቱ ከጓዳ፣ አባቱን ትል እንደነበረው፣ «ልብስህን አራግፈህ ግባ! ብናኙን ቤቴ እንዳታስገባው!» ብላ ጮኸች። ብቅ ብላ ስታየው ልጇ ነው፤ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ላቦራቶሪ ገብቶ የራሱን ሳል ቀዳና በአባቱ ቅጂ ባዶዎች ውስጥ እየሰካ ሰፋቸው። ስፌቱ አይታይም፤ አንደኛ የወጣበት ሙያ ነው። መልሶ ሲሰማው ግን ሳሉ የራሱ አልነበረም፤ የአባቱ ነበር።

እናቱ ዐይኗን ጨፍና አዳመጠች። እንባዋ ወረደ።

«እሰይ! መጣልኝ። የት ደብቀኸው ነበር? ለካ ይቺ ትምህርትህ ቁም ነገር ናት!»



ዛሬም ሳል ሲመጣበት አፉን አፍኖ ወደ ደጅ ይሮጣል፤ እናቱ ሰምታው ያ ሳል የማን እንደሆነ እንዳታውቅ። እዚያ ቆሞ ትንፋሹን ሲውጥ፣ ከቤት ውስጥ፣ ከተከፈተው ስልክ፣ ሌላው ማሳሉን አያቆምም።