ተነስቶ የሚቀመጠው ሰውዬ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ባለ መደገፊያ፣ ቡናማ የወረቀት ወንበር ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት በሰላም መቆረጡ በታላቅ ደስታ ይገለጻል። የፊት እግሮቹ ሙሉ ናቸው። የኋላ ግራ እግሩ ከወረቀት መቁረጫ ማሽኑ ሙጫማ ሰሌዳ ጋር ተጣብቆ ለጊዜው አልላቀቅ ቢልም፣ ካርድ ሠሪዋ ትንፋሿን ይዛ በወረንጦ እየላጠችው ስለሆነ ሕዝቡ እንዳይደናገጥ።

ሕዝቡ አንድ ሰው ነበር። ከጠረጴዛው ማዶ አንገቱን አስግጎ፣ "ወጣ?" አለ።

"ወጣ።"

"ምናልባት ትንሽ ሰፋ ቢልስ? እኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ቀጭን ወንበር ላይ የሚቀመጠው ተላላኪው ብቻ ነው።"

ካርድ ሠሪዋ በልቧ "አቶ ምናልባት" ብላ ስም አውጥታለታለች። ከገባ ጀምሮ ያለዚህች ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር አልጨረሰም፤ ስሙን ስትጠይቀው እንኳ ትንሽ አሰብ አድርጎ ነው የመለሰላት። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ካርዶች በየተራ ነካክቷል። የወረቀት መጎተቻዋን ሲስብ ምላሷን የምታወጣውን ድመት አይቶ ሳቀ። ክቡን ሲያዞር ከለቅሶ ወደ ሳቅ የሚለወጠውን ሕፃን አይቶ ደግሞ በጣም አሰበ።

"አዎ፣ የኛም ወንበር እንደዚህ የሚንቀሳቀስ ካርድ ላይ እንዲሆን ነው የምንፈልገው" አለ። "ሥራ አስኪያጃችን ጡረታ ይወጣሉ። ሰኞ ከሰዓት ስንብት አለ። ምናልባት።"

"ስንብቱ ነው ምናልባት?"

"ኧረ ስንብቱስ አለ፣ ኬኩም ታዟል። መውጣታቸው ነው ምናልባት።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንዲራዘምላቸው አመልክተዋል። መልሱ ሰኞ ጠዋት ይመጣል። ካልተፈቀደላቸው 'መልካም ዕረፍት' እንላለን። ከተፈቀደላቸው ደግሞ 'እንኳን ደስ ያለዎት' እንላለን። እንግዲህ ሁለት ካርድ አሠርተን ያልተሰጠው መሳቢያ ውስጥ ቢገኝስ? አለቅን እኮ እህቴ! ስለዚህ አንድ ካርድ ይሁን። ሲስቡት ከወንበሩ ተነስተው በበሩ ውልቅ ይላሉ። ሲገፉት ተመልሰው ቁጭ። በሁለቱም በኩል እኩል ደስ ያለን እንድንመስል።"

ካርድ ሠሪዋ ሰውየውን በአድናቆት አየችው። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ስለ አቋም መያዝ ብዙ ሰዓት ሌክቸር ሰምታለች፤ አቋም አለመያዝን ግን እንዲህ አሳምሮ በንድፍ ያቀረበላት ሰው አልገጠማትም።

"መልካቸው ደግሞ ምናልባት ቢመስል" አለና ስልኩን ዘረጋላት።

ፎቶው ላይ አባቷ ነበር።

ስብሰባ ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ማዛጋት ይጀምር አይጀምር ያልወሰነ አባቷ። እናቷ የገዛችለት ባለ ነጠብጣብ ሰማያዊ ክራባት ሳይቀር። አባቷ "ቢሮ ለብቻ፣ ቤት ለብቻ" የሚል ሰው ስለሆነ ከሠራተኞቹ አንዱም ደጁን ረግጦ አያውቅም። አሁን ግን አንደኛው፣ በመንገዱ በኩል ያለው ይህ ክፍል የአለቃው ቤት አካል መሆኑን ሳያውቅ፣ የአለቃውን መላጣ "ምናልባት ትንሽ ብትቀንሺለት" እያለ ነው።

"ማመልከታቸውን ግን በደንብ ያውቃሉ?" አለች፣ ድምጿን እንደምንም ገርታ።

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ አላመነታም። "የተየብኩት እኔ ነኝ" አለ። ከሰዓት መጥቶ ሊወስድ ተስማሙና ሄደ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። እናቷ ከነርስነት ጡረታ ከወጣች ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠብቀው፦ ከባሏ ጋር ዋና መማር። በዕድሜ ለገፉ ጀማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት በሚቀጥለው ሳምንት ይከፈታል። ሁለቱንም አስመዝግባለች፣ ለእሱ የዋና ቁምጣ ገዝታለች፣ ቁምጣውንም አጥባ፣ ተኩሳ አጣጥፋዋለች። ከዚህ በፊትም ሁለቴ አስመዝግባው ሁለቴ "ትንሽ ሥራ ቀርቶኛል፣ ለጥቂት ጊዜ ልቆይ" ብሎ አስሰርዟታል። ሁለቴም ብቻዬን ደስ አይለኝም ብላ የራሷንም ሰርዛለች። በዚህኛው ግን "ማልልኝ" ብላው በልጁ ራስ ምሏል። የማለበት ራስ የእሷ ስለሆነ ነገሩ ካርድ ሠሪዋንም ያገባታል።

ሄዳ ለእናቷ እንዳትነግር ደግሞ፣ የደንበኛ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም የሚል ሕግ አላት። ለሁለት ሴቶች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት የፍቅር ካርድ ያዘዘ ሰው መጥቶባት እንኳ ትንፍሽ አላለችም፤ ልቦቹን ብቻ በተለያየ ቀለም ቆረጠችለት።

ስለዚህ ሥራዋን ያዘች። አባቷን ላፕቶፑ ላይ ሣለችው፤ ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ለጥፋ ለማሽኑ አጎረሰችው። ማሽኑ ጭር፣ ጭር እያለ መላጣውን ዞረ፣ ጆሮዎቹን አወጣ፣ አፍንጫው ጋ ሲደርስ፣ ስለዚህ አፍንጫ እንደተጠየቀ ማንኛውም ዘመድ፣ ትንሽ አመነታ። ጉልበቱን በክር አያያዘችው፤ እንዲታጠፍና እንዲዘረጋ። ከጀርባው መጎተቻ አስገባች፣ በሩን በአንድ ጎኑ ብቻ ቆርጣ እንዲከፈት አደረገችው። ስትስበው አባቷ ተነሳ፣ ሄደ፣ በሩን በሆዱ ገፍቶ ወጣ። ስትገፋው ወደ ኋላ እየሄደ ገብቶ ቁጭ አለ። በደንብ ነው የተሠራው። ይህ ነው ያናደዳት።

አባቷ ያን ጊዜ ፀጉር ቤት ነበር። ከጆሮ እስከ ጆሮ የቀረችለትን ፀጉር ለሰኞ ስንብት አስከርክሞ፣ ሽቶ ሽቶ እየሸተተ ገባ።

"ልጄ፣ ምሳ ደረሰ እንዴ?" አለና፣ ባየው ነገር ሁሉ እጁን መስደድ ልማዱ ስለሆነ መጎተቻውን ሳበው። "ይሄ መላጣ ማነው?"

"ደንበኛ ያዘዘው ነው።"

"ወዴት እየሄደ ነው?"

"ጡረታ።"

ገፋው። "ታዲያ ምን ሊሠራ ተመለሰ?"

"እንዲራዘምለት አመልክቶ።"

አባቷ እጁን ከመጎተቻው አነሳ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገና ጎንበስ አለ። የወረቀቱ ሰውዬ መነጽር ግን ግንባሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ክራባቱ..." አለ።

"ሰማያዊ ነው። ነጠብጣብ አለው።"

"አየሁት። ማነው ያዘዘው?"

"የደንበኛ ነገር..."

"ከዚህ ክፍል አይወጣም፣ አውቃለሁ። እኔ እኮ ክፍሉ ውስጥ ነኝ!" ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እናትሽ አይታዋለች?"

"አላየችም።"

"ጎሽ!"

"ጎሽ አትበለኝ አባዬ። ቁምጣህን እኮ ተኩሳልሃለች! ማነው ቁምጣ የሚተኩሰው? ደግሞ 'ትንሽ ሥራ ቀርቶኝ' ልትላት ነው?"

"ሥራማ አለ።"

"የምን ሥራ?"

"ሥራ ነዋ! ሥራ ሥራ ነው።"

"ውሃ ፈርተህ ነው።"

"እኔ?" አለ አባቷ፣ መሥሪያ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲገባ አርባ ሰው ሳሉን የሚያቆምለት ሰውዬ። "እኔ ውሃ ልፈራ? መሬት የሌለው ነገር አልወድም እንጂ።"

"አለው እኮ። የገንዳው ወለል ሴራሚክ ነው።"

"ታች ነዋ ያለው! እኔ የምቆመው ላይ ነው።"

ባለፈው ዓመት ገንዳውን ለማየት ብቻ ተብሎ ሲወሰድ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ገብቶ 'ኃላፊው ይጠራልኝ' ማለቱን ልታስታውሰው ስትል እናቷ ከጓዳ በኩል ገባች፤ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

"ምሳ ቀዝቅዞ በሽታ ሊሆንባችሁ ነው! ምን ተገኝቶ ነው?" አለችና ካርዱን አየችው።

አባትና ልጅ ተያዩ። ቢደብቁት የባሰ ይሆናል፤ ሁለቱም አልነኩትም። እናቷ መጎተቻዋን በሁለት ጣቷ፣ መርፌ እንደምትይዝ አድርጋ ያዘችና ሳበችው። ሰውየው ወጣ። ገፋችው፤ ገባ፣ ቁጭ አለ። ደገመችው። ሳቋ መጣ።

"ወይ ጉድ! አያሳዝንም? ደጅ ይደርስና ይመለሳል።"

"ቢሮውን ይወዳል ማለት ነው" አለ አባቷ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።

"አይደለም እባክህ።" እናቷ በሩን በጥፍሯ ከፈት አድርጋ ወደ ውስጥ አጮለቀች። ከበሩ ማዶ ነጭ ወረቀት ብቻ ነበር። "ውጭ ምንም የለማ! የሚጠብቀው ነገር የለ፣ ሰው የለ። እኔም ብሆን ተመልሼ ቁጭ ነው የምለው።"

"ቢሮውን ብቻ ነው ያዘዙት እማዬ።"

"እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው!" ካርዱን አስቀመጠችና በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። "ክራባቱን ግን አሳምረሽዋል። ምርጫዬ መቼም አይወድቅም።"

ሄደች። ከጓዳ የሳህን ድምፅ ተሰማ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ይኖር እንደሆነ አባቷ አዳመጠ፤ የለም። ይህ ነው የከበደው። ብትቆጣ ለቁጣ የሚሆን መልስ ነበረው፤ ለተረዳው ሰው የሚሆን መልስ አላዘጋጀም።

"አወቀች?" አለ በሹክሹክታ።

"አባዬ፣ መላጣህን ካንተ በላይ የምታየው እሷ ናት።"

መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ አደረገ። ካርዱን ወደ ራሱ ሳበና የወረቀቱን በር ከፍቶ ነጩን ወረቀት እያየ ቆየ።

"ትንሽ ነገር ብትጨምሪበትስ?"

"ከበሩ ውጭ?"

"አዎ።"

"ምን?"

"ውሃ" አለ፣ ቃሉ ራሱ የሚያረጥበው ይመስል ፊቱን ጨምድዶ።

"ባዶ ውሃ?"

"ባዶ ምን ያደርጋል! የምትጠብቀውን ሰው አስገቢበት እንጂ። የዋና ቆብ አድርጊላት። ቢጫ። ቢጫ ነው የገዛችው አይደል?"

ማሽኑ እንደገና ጭር፣ ጭር አለ። ሰማያዊ ወረቀት በማዕበል ቅርፅ ወጣ። ከዚያ ቢጫ ቆብ ያደረገች፣ ምስር የምታክል ፊት ያላት፣ እጇን የምታውለበልብ ሴት ተቆረጠች። አባቷ "እጇ ትንሽ ከፍ ይበል፣ እሷ ስትጠራ እንዲህ አይደለም" ብሎ አስቀየራት። በሁለተኛው ሙከራ ረካ።

"በል ና፣ ምሳ" አለች ልጁ።

"ሂጂ፣ መጣሁ።"

ሲመጣ ዘግይቶ ነው። ጣቶቹን ሱሪው ላይ እየጠረገ ተቀመጠና ማንንም ሳያይ በላ። እናቷም ውሃ ሞልታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

ከሰዓት አቶ ምናልባት መጣ። ቁጭ ብሎ ካርዱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳበው። አለቃው ተነሱ፣ ሄዱ፣ በሩ ተከፈተ፤ ከውሃው ውስጥ ባለ ቢጫ ቆቧ ሴትዮ እጇን አውለበለበችላቸው።

"ኦሆሆ! ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አለ እየሳቀ። "ምናልባት አላዘዝናትም፣ ግን ግድ የለም፣ ታምራለች።" ከዚያ ገፋው። አልተመለሰም። ትንሽ ጠንከር አድርጎ ገፋው። መጎተቻው ተጣጠፈ እንጂ ሰውየው ከደጅ ፍንክች አላለም። የአቶ ምናልባት ሳቅ ቆመ። "እህቴ! አይገቡም!"

ካርድ ሠሪዋ ተቀብላ ገለበጠችው። ከጀርባው፣ መጎተቻው የሚሄድበት ቦታ ላይ፣ ሲሳብ የሚያሳልፍ ሲገፋ የሚያግድ፣ የአውራ ጣት አሻራ ያለበት የኮላ ጉብታ በወፍራሙ ደርቋል። ለእጅ ሥራ አዲስ የሆነ ሰው ነው ያደረገው፤ ለአሥር ካርድ የሚበቃ ኮላ ነው የፈሰሰው። አንዴ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ አልቻለችም።

"ምን ያስቃል? ሰኞ 'ተራዘመ' ቢባል እኔ ምን እሆናለሁ?"

"አይባልም" የሚል ድምፅ ከጓዳው በር መጣ። አባቷ በነጠላ ጫማና በካልሲ ቆሟል።

አቶ ምናልባት ብድግ አለ። ከዚያ ቁጭ አለ። ከዚያ እንደገና ብድግ አለ። ካርዱ ላይ ካለው ሰውዬ ይልቅ እሱ በደንብ ሠራ።

"ጌታዬ! እርስዎ... ምናልባት እዚህ..."

"ቤቴ ነው። እሷ ልጄ ናት። ኮላውን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ደክሞህ ከሆነ ተቀመጥ፣ ካልሆነ ቁም፤ አንዱን ምረጥ።"

አቶ ምናልባት መምረጥ አቅቶት ግድግዳውን ተደገፈ። "ታዲያ ጌታዬ፣ ማመልከቻውስ?"

"ሰኞ በጠዋት ገብተህ ሌላ ትተይባለህ። ማመልከቻዬን ስቤያለሁ በል።"

"እሺ። እሺ ጌታዬ። ግን ምክንያት መጻፍ አለበት። ምክንያቱን ምን ልበል?"

"ምንም አትበል።"

"ምናልባት የጤና?"

"ጤነኛ ነኝ።"

"ምናልባት የቤተሰብ ጉዳይ?"

እናቷ ሽርጧን እንደታጠቀች ከባሏ ጀርባ ብቅ ብላለች። "እኔም ብሰማው ደስ ይለኛል" አለች፣ ከንፈሯን ነክሳ። "ምን ተገኝቶ ነው?"

"አባዬ፣ በቃ ተናገራ!" አለች ካርድ ሠሪዋ። "ሦስት ሰው ቆሞ እየጠበቀህ ነው።"

አባቷ ሦስቱንም በየተራ አያቸው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰ።

"አልናገርም" አለ፤ ዓይኑ ግን ካርዱ ላይ ወዳለችው ባለ ቢጫ ቆብ ሴትዮ ሄደ።