የእትዬ ኢስሜ ቤት በየት ነው?

ሰላምታ የእግዜር ነው፤ በእሱ የሚሰስት ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። በእኛ በዶሚኒካ አውቶቡስ ላይ ወጥቶ "እንደምን አደራችሁ" ያላለ ሰው፣ ባዶ ወንበር ቢኖር እንኳ ማንም ጠጋ አይልለትም። ታዲያ ያ ልጅ የተከራያትን መኪና ኮኮናት ከምሸጥበት መገንጠያ ላይ አቁሞ፣ መስኮቱን ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጎ "የኢስሜ ላሮክ ቤት በየት ነው?" ሲለኝ ምን ልበለው?

የጠየቀኝን ብቻ መለስኩለት።

"ቀጥ በል። ትልቁ ማንጎ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ። ፖስታ ቤቱን አልፈህ ዳገቱን ውጣ።"

ማንጎውን አውሎ ነፋሱ ከነሥሩ ከነቀለው ስድስት ዓመቱ ነው። ፖስታ ቤቱንም ያኔውኑ ጠራርጎታል። እኛ ግን መንገድ የምንጠቁመው እንዲህ ነው፤ የወደቀ ነገር ቦታው አይጠፋብንም።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ጎማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ስልኩ ውስጥ ሆና መንገድ የምትመራው ሴትዮ ወንዝ ልትከተው ነበር መሰለኝ። አሁን ደግሞ አጠገቤ ያለውን ዓሣ ሻጭ ኦልድሪክን ጠየቀው፤ አሁንም ያለ ሰላምታ።

"ማንጎው ጋ ወደ ግራ!" አለው ኦልድሪክ ቢላዋውን እየጠረገ።

"የትኛው ማንጎ?"

"የወደቀው ነዋ!"

ልጁ እየተነጫነጨ ሲሄድ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ግን ከመኪናው ወረደ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ ዐይኑ ቀልቷል።

"እማማ፣ እንደምን አደሩ" አለኝ።

አንጀቴን በላው። "እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንደምን አደርክ? የማን ልጅ ነህ?"

"የፊሎሜን፣ ለንደን ያለችው የኢስሜ እህት። ቤቱን አገኘሁት፤ ከመሠረቱ በቀር ምንም የለም፣ ሣር በቅሎበታል። እናቴ በእናንተ አራት ሰዓት ላይ ልቧን ኦፕራሲዮን ልትደረግ ትገባለች። ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ የእህቷን ወሬ አልሰማችም። 'ሳልገባ ድምጿን አሰማኝ' ብላ ነው የላከችኝ።" ድምፁ ተሰበረ። "አክስቴ ሞታለች፣ አይደል?"

ሰዓቴን አየሁ። ለአራት ሩብ ጉዳይ።

"አፌን ይቁረጠው!" አልኩ።

እትዬ ኢስሜ ቤቷን ነፋስ ከወሰደው ጀምሮ የምትኖረው እኔ ጋ ነው። ያኔም ከመደቤ ጀርባ፣ ጓሮ ተቀምጣ አተር ትፈለፍል ነበር። ልጁ ሦስት ጊዜ ባጠገቧ አልፏል። ቤቷን ጠየቀን፣ ቤቷን ነገርነው። ገና ሲመጣ ሰላም ብሎኝ ቢሆን ወይም እኔ ኩራቴን ትቼ "ምን ፈልገህ ነው?" ብዬው ቢሆን፣ ያን ሁሉ ባልተንከራተተ።

እጁን ይዤ ጎተትኩት። "እትዬ! የፊሎ ልጅ መጣልሽ!"

ቀና ብላ አየችው። "ይሄ አፍንጫ የእኛ ነው" አለች። ስትነሣ አተሩ ከጭኗ ላይ ተደፋ።

ልጁ የእናቱን የልብ ነገር በአጭሩ ነገራትና ደወለ። የሰው ጫጫታ ተሰማ፣ ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ "ኢስሜ?" አለ።

"እኔ ነኝ። አንቺ ግትር፣ ደግሞ ልብሽን ምን አደረግሽው?"

ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። የቀረችውን ጥቂት ደቂቃ በልቅሶ ሊጨርሷት ነው።

"የት ነሽ አሁን?" አለች ፊሎሜን። "የቤትሽ በረንዳ ላይ ነሽ? ባሕሩ ይታይሻል?"

ልጁ ዞሮ እኔን አየኝ። ከፊታችን ያለው የኦልድሪክ የዓሣ ባልዲና የዶሮዎቼ አጥር ነው።

"በረንዳው ላይ ነኝ" አለች እትዬ ኢስሜ፣ ድምጿ ሳይናወጥ። "ባሕሩ ዛሬ ጸጥ ብሏል። ዳኚና ነይ፤ አጠገቤ ቦታ ይዤልሻለሁ።"

"መጣሁ" አለች ፊሎሜን። ስልኩ ተዘጋ።

እኔ ውሸት አልወድም። ስለዚህ ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጁንና ኦልድሪክን ገጀራ አስያዝኳቸውና የእትዬ ቤት መሠረት ላይ የበቀለውን ሣር ልንመነጥር ዳገቱን ወጣን። ቤት መሥራት ቢያቅተን በረንዳ አያቅተንም።